የጎርፍን ጠባይ የሚያጠኑ ወጣቶች ከማን ሊማሩ ይገባል

ውኃ የሕይወት ሁሉ መሠረት እንደ መሆኑ መጠን፥ ወሰኑን በተላለፈ ጊዜ የሚያደርሰው ጥፋት ደግሞ ከእሳት ጥፋት የሚያንስ አይደለም። እሳት አንድ ቤት ወይም አንድ መንደር ቢያቃጥል በአጠገቡ ያለው ሕዝብ ደርሶ ሊረዳ ይችላል፤ ጎርፍ ግን ቤቱንና ከብቱን፥ ጎተራውንና እርሻውን፥ መንገዱንና ድልድዩን በአንድ ሌሊት ጠራርጎ ስለሚሄድ፥ ሊረዳ የሚመጣውም ሰው የሚያልፍበትን ያጣል። ከዚህም በላይ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ብዙ ዓመት በጸጥታ የኖረ ወንዝ በዳሩ የሰፈሩትን ሰዎች አዘናግቶ ሳይታሰብ ይነሣል።

ስለዚህ ነገር የልዩ ልዩ አገር ዩኒቨርሲቲዎችና የውኃ ትምህርት ቤቶች እየተባበሩ፥ የአንዱን አገር ተማሪ ወደ ሌላው አገር እየላኩ፥ በወንዝና በባሕር ዳር የሚኖር ሕዝብ ጎርፍን ችሎ የሚቆምበትንና ከጉዳቱ ፈጥኖ የሚነሣበትን ብልሃት ማስጠናት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ወንዝ የመንግሥታትን ወሰን አይቶ የማይቆም ስለሆነ፥ ጥናቱም ከአንድ አገር ወሰን ማለፉ የተገባ ነው። ነገር ግን ተማሪው መላኩ ብቻ በቂ አይደለም። ተማሪው ትምህርቱን የሚቀበለው ከመጽሐፍና ከመለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው ወይስ በወንዙ ዳር ከሚኖረው ሰው ጭምር? የጥናቱስ ፍሬ ወደ ማን ይመለሳል? ተብሎ ሊጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በሆላንድና በባንግላዴሽ የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተመለከቱትም ዓመታት፥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጠ በቀር፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የሆላንድ አገር ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል ዝቅ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፥ ሕዝቡ በግድብ ተከልሎ ባሕርን እየተከላከለ መኖርን ከጥንት ጀምሮ የለመደ ነው። በ1953 ከጥር 31 ወደ የካቲት 1 በሚያነጋው ሌሊት ግን ከሰሜን ባሕር የተነሣው ማዕበል ግድቦቹን አፍርሶ ገባና በዚያው አገር ብቻ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ይህ አደጋ ድንገተኛ ይመስላል እንጂ ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። ዮሐን ፋን ፌን የተባለው የመንግሥት መሐንዲስ ግድቦቹ ዝቅተኞች መሆናቸውን አስቀድሞ መርምሮ አስጠንቅቆ ነበር። በዚያችም ሌሊት የአየሩን ጠባይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማዕበሉ መምጣቱን ያውቅ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን የአገሩ ራዲዮ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ የማይናገር ስለነበረ፥ የታወቀው ነገር ለተኛው ሕዝብ ሳይደርስ ቀረ። እንግዲህ በዚያ ሌሊት የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን፥ ዕውቀቱን ከሚያውቀው ሰው ወደሚጠፋው ሰው የሚያሸጋግር መንገድ መሆኑን ልብ ማድረግ ይገባል።

ሆላንድ ከዚህ አደጋ በኋላ ብዙ ገንዘብ አውጥታ የባሕሩን በሮች በታላላቅ ግድቦች መዝጋት ጀመረች፤ ሥራውም እስከ 1997 ድረስ የቆየ ነው። ከዚሁም ጋር በ1957 በደልፍት ከተማ ከሌሎች አገሮች ለሚመጡ መሐንዲሶች የውኃ ትምህርት የሚሰጥበት ተቋም ተከፈተ። ለዚህም ተቋም መከፈት ምክንያት ከሆኑት አንዱ፥ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል ከነበረው ከዛሬው ባንግላዴሽ የቀረበው ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእስያ፥ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ እጅግ ብዙ ተማሪዎች በዚያ ተምረዋል፤ ከነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። በጎርፍ የተጎዳ አገር ያገኘውን ጥበብ ለሌላው ማካፈሉ የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። የሆነው ሆኖ፥ በአንድ አገር የሠመረ ጥበብ ወደ ሌላው አገር እንዳለ በተወሰደ ጊዜ ምን እንደሚገጥመው የሚያስተምረው የባንግላዴሽ ታሪክ ነው።

ባንግላዴሽ ጋንጅስ፥ ብራህማፑትራና መግና የተባሉ ታላላቅ ወንዞች ተገናኝተው ወደ ባሕር የሚገቡባት ዝቅተኛ አገር ናት። በወንዞቿ ከሚወርደው ውኃ ከመቶ ከ90 እጅ የሚበልጠው ከወሰኗ ውጭ ከዘነመ ዝናም የሚመጣ ነው። በ1988 ከአገሩ ምድር ከግማሽ የሚበልጠው፥ በ1998 ደግሞ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል በውኃ ተሸፍኖ ነበር። ሆኖም የአገሩ ገበሬ ውኃን ሁሉ እንደ ጠላት አይቆጥርም። በቋንቋው በየዓመቱ መጥቶ እርሻን የሚያረሰርሰውንና ለም አፈር የሚያለብሰውን ሙላት «ቦርሻ» ይለዋል፤ ከልክ አልፎ የሚያጠፋውን ግን «ቦንና» ይለዋል። በአማርኛም ሙላት፥ ጎርፍና ደራሽ ውኃ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ለይቶ ሳያውቅ ወደዚያ አገር የሄደ ተማሪ፥ ለገበሬው በረከት የሆነውን ውኃ ጥፋት ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

በዚያ አገር በደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳር የሚኖሩ ሰዎች ከጥንት የቆየ ልማድ ነበራቸው። በበጋው ወራት ጨው ያለበት የባሕር ውኃ ወደ እርሻቸው እንዳይገባ የአፈር እርከን ሠርተው ለስምንት ወር ያህል ይከለክሉ ነበር። ክረምቱ በገባ ጊዜ ግን እርከኑን ከፍተው የወንዙ ውኃ ከነደለሉ እንዲገባ ያደርጉ ነበር። በዚህም መሬቱ በየዓመቱ አዲስ አፈር እየለበሰ ከፍ ይል ነበር፤ የወንዙም ሆድ በደለል ሳይሞላ ጥልቅ እንደ ሆነ ይኖር ነበር።

ከ1960 በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በውጭ አገር መንግሥታት ርዳታ፥ የሆላንድን የግድብ ጥበብ በመከተል፥ ክረምት ከበጋ የማይከፈቱ ታላላቅ የአፈር ግድቦች ተሠሩና ፖልደር የተባሉ ከመቶ የሚበልጡ ክልሎች ተቋቋሙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሩዙ ምርት በዛ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። ነገር ግን ደለሉ ወደ መስኩ መግባት ስለተከለከለ በወንዙ ሆድ ውስጥ ተከመረ። ወንዙ ከፍ አለ፥ መሬቱም ዝቅ አለ። ከ1980 ወዲህ በኩልናና በጆሶር አካባቢ የዘነመው ዝናም መውጫ አጥቶ፥ በግድቡ ውስጥ ብዙ ሺሕ ጋሻ መሬት ዓመቱን ሙሉ ረግረግ ሆኖ ቀረ። ጎርፍን ይከለክላል የተባለው ግድብ ራሱ ውኃ የሚያቁር ሆነ ማለት ነው።

ሕዝቡ አቤቱታ ባቀረበ ጊዜ ባለሙያዎቹ የሰጡት መልስ ግድቡን ማጠንከርና የውኃ መውጫ በሮችን መጨመር የሚል ነበር። በ1990 ግን የቢል ዳካቲያ ነዋሪዎች በገዛ እጃቸው ግድቡን ቆርጠው ወንዙን ወደ መስኩ አስገቡ። በ1997 ደግሞ በቢል ባይና ይኸው ተደረገ። በሁለተኛው ስፍራ ውኃው አራት ዓመት ያህል ሲገባና ሲወጣ ከቆየ በኋላ፥ መስኩ በደለል ከፍ ብሎ ለእርሻ በቃ፤ ወንዙም ተጠርጎ ጥልቅ ሆነ። ከዚህ በኋላ የአገሩና የውጭ አገር ሊቃውንት መለኪያቸውን ይዘው መጥተው ነገሩን መረመሩና ገበሬዎቹ ያደረጉት ትክክል መሆኑን መሰከሩ። በባሕር ሙላት ወንዝን ማስተዳደር የሚል ስም ሰጥተውትም ብልሃቱ በመንግሥት ሥራ ውስጥ ገባ። ዛሬም ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ወደነዚህ መስኮች እየሄዱ ይማሩበታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ተማሪው አስቀድሞ የአገሩን ልማድ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ 30 ዓመት ያህል የፈጀው ስሕተት ምናልባት በአጭሩ በቀረ ነበር። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው የአበው ቃል ለውኃም ሥራ የሚያገለግል ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛው፥ የገበሬው ብልሃት ብቻውን ደግሞ በቂ አለመሆኑ ነው። መስኩ በውኃ ሥር በሚቆይባቸው ዓመታት ባለመሬቱ የሚበላው ያጣል። በአንዳንድ ስፍራ ካሳው በጊዜው ባለመከፈሉ፥ ሥራውን የፈለገው ሕዝብ ራሱ ተቃዋሚ ሆኖ ተነሥቷል። ውኃው በየትኛው መስክ ስንት ዓመት ይቆይ? ተራው የማን ይሁን? ካሳውን ማን ይክፈል? የሚለውን የሚወስነው ልኬትና ሕግ ነው። ስለዚህ ሕዝብ ያለ ሊቅ፥ ሊቅም ያለ ሕዝብ፥ ሁለቱም ያለ ደግ አስተዳደር ሊሠምርላቸው አይችልም።

በዚያው አገር ስለ ማስጠንቀቂያ የተደረገው ሥራ ደግሞ ይህንኑ ያጸናል። በ1970 ከባሕር የተነሣው ዐውሎ ነፋስና ማዕበል ቢያንስ 300 ሺሕ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ በ1972 በቀይ መስቀል ማኅበር አማካይነት፥ በየመንደሩ ደጅ እየዞሩ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቁ የበጎ ፈቃድ ሰዎች ተደራጁ፤ መንግሥትም በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ተቀበለው። ይህም ሆኖ በ1991 በመጣው ማዕበል 138 ሺሕ ያህል ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ ከአገሩና ከውጭ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ከአደጋው ጥቂት ቆይተው ከሞት የተረፉትን ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። ከተጠየቁት ቤተሰቦች መካከል በሲሚንቶ ወይም በጡብ በተሠራ ቤት የተጠለለው ሁሉ ተርፎ ሲገኝ፥ እንዲህ ወዳለው ቤት ካልደረሱት ግን ከመቶ 22 ያህሉ ሞተው ተገኙ። ከሟቾቹም ሕፃናትና ሴቶች የሚበዙ መሆናቸው ታወቀ።

ምክንያቱም በተመረመረ ጊዜ፥ የማስጠንቀቂያው ምልክት በመጀመሪያ ለወደብና ለመርከብ የተደነገገ ቁጥር ስለነበረ፥ የመንደሩ ሰው ቁጥሩን ቢሰማም ምን ያድርግ እንደሆነ አላወቀም። ብዙ ሴቶችም ባል ሳይፈቅድ ከቤት መውጣት ነውር መስሏቸው፥ ወይም መጠለያው ሴትና ወንድ ተጨናንቀው የሚያድሩበት በመሆኑ አፍረው፥ ወይም ከብቱንና ዕቃውን ማን ይጠብቃል ብለው ቀርተዋል። ይህን የመሰለውን ነገር በሰማይ የሚዞር ሳቴላይት ሊያየው አይችልም፤ የሚገኘው አንድ ተማሪ ከተጎዳው ሰው ደጅ ተቀምጦ በትሕትና ሲጠይቅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መጠለያዎቹ በዙ፤ ለሴቶች የተለየ ክፍል ያላቸውና ለከብት ስፍራ የተደረገላቸው ተሠሩ፤ ከበጎ ፈቃደኞቹም መካከል ሴቶች እንዲበዙ ተደረገ። የመስጊድ ድምፅ ማጉያም ለማስጠንቀቂያ ዋለ። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ የሞቱት ሰዎች ቁጥር 3,400 ያህል ነበር። ይህም ቢሆን እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ዳሩ ግን ከ1970ው ጋር ሲነጻጸር፥ ዕውቀት ከሕዝብ ጋር በተገናኘ ጊዜ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን የሚገልጥ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን የገበሬ ወሬ ልኬት የሌለው ስለሆነ ለጥናት አይበቃም፤ ደግሞም የአየሩ ጠባይ በተለወጠበት በዛሬው ዘመን ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ለሚመጣው አይጠቅምም ይሉ ይሆናል። ሁለተኛው ነገር በከፊል እውነት ነው፤ ከሰው መታሰቢያ ያለፈ ጎርፍ ሊመጣ ስለሚችል፥ ሽማግሌው ውኃው እዚህ ደርሶ አያውቅም ያለበት ስፍራ ለቤት መሥሪያ ሁልጊዜ የታመነ አይደለም። ስለዚህም መለኪያና ስሌት የግድ ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ክስ ግን ሐሰት መሆኑ በኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትኖ ታይቷል። ከ2014 ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ ከእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ከሌሎች ተባባሪዎች ጋር በተደረገ ጥናት፥ የአካባቢው ገበሬዎች የዝናሙን መጠን፥ የወንዙን ከፍታና የጕድጓዱን ውኃ በየዕለቱ እየለኩ መዘገቡ። መዝገቡም በሌላ መንገድ ከተገኘው ልኬት ጋር በተመሳከረ ጊዜ የሚታመን ሆኖ ተገኘ። የዝናም መስፈሪያና በወንዝ ዳር የተተከለ ምልክት ያለበት እንጨት ለማንበብ ትጋትና ታማኝነት እንጂ ከፍተኛ ማዕርግ አያስፈልግም። በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት የዓባይ ሙላት ከ622 ጀምሮ የተመዘገበው፥ ማለትም በኢትዮጵያ ተራሮች የዘነመው ዝናም በግብጽ ሲቈጠር የኖረው፥ በየዓመቱ ሳይታክቱ በሚለኩ ጠባቂዎች እጅ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ በሐምሌ ወር መጨረሻ፥ በላይኛው ደጋ የዘነመው ዝናም በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ድሬዳዋ ከተማን በሌሊት አጥለቀለቀና ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ከመኝታቸው ሳይነሡ ወይም በመሸሽ ላይ ሳሉ ሞቱ። በዚያው ክረምት ጥቂት ቀን ቆይቶ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን ከብዙ ከብት ጋር ወሰደ። በጣና ዙሪያ ባለው በፎገራ ሜዳም የርብና የጉማራ ወንዞች ሙላት ገበሬውን በየጊዜው ያፈናቅለዋል። ከላይ በሆላንድ የታየው ነገር በድሬዳዋም ታይቷል፤ በደጋው ያለ ሰው ዝናሙን እያየ፥ በቆላው ያለው ሳይሰማ ተኝቶ ነበር።

በዚህ ረገድ የሚያጽናና ሥራ አለመታጣቱም ሊነገር ይገባል። በ2007 የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ስለ ተፋሰስ አያያዝ የከፍተኛ ትምህርት ማዕርግ የሚሰጥበትን ትምህርት በባሕር ዳር ጀመረ። ተማሪዎቹ ወደ አሜሪካ በመሄድ ፈንታ አስተማሪዎቹ ወደ እነርሱ መጡ፤ የምርመራቸውም ስፍራ የገዛ አገራቸው ወንዝና መንደር ሆነ። በዚህና ይህን በመሰለ ምርመራ፥ በዓባይ ተፋሰስ ደጋ ጎርፉ ከቁልቁለቱ ሁሉ እኩል እንደማይመነጭ፥ ይልቁንም አፈሩ ተሸርሽሮ ከተራቆተው መሬትና ክረምቱ እየገፋ በሄደ ጊዜ ውኃ ጠግቦ ሌላ የማይቀበል ከሆነው ዝቅተኛ መስክ እንደሚበዛ ታወቀ። እርከንና ክትር የት እንደሚሠራ የሚወስን ሹም ይህን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅመው የተገለጠ ነው።

እንግዲህ ከተባለው ሁሉ በሥልጣን ላይ ላሉ ሰዎች ሦስት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ፥ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል በሚደረግበት ጊዜ ተማሪው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ከሕዝቡ መካከል እንዲቀመጥ፥ የሕዝቡንም ቋንቋ በሚያውቅ ሰው እንዲመራ፥ የሚመረምረውም ጥያቄ ከሕዝቡ ችግር የተነሣ እንዲሆን በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፥ የጥናቱ ውጤት በባዕድ ቋንቋ ታትሞ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ብቻ እንዳይቀር፥ በሕዝቡ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ለወረዳው መሥሪያ ቤት እንዲሰጥና በጉባኤ እንዲነበብ ማስገደድ ይገባል። ለሦስት ዓመት ጥያቄ ሲጠየቅ የኖረ ገበሬ መልሱን ሳይሰማ ቢቀር፥ ሌላ ተማሪ በመጣ ጊዜ እውነቱን ለመናገር ፈቃደኛ አይሆንም። ሦስተኛ፥ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ በተመለሰ ጊዜ ከወንዝ ርቆ በጽሕፈት ሥራ ብቻ እንዳይቀመጥ፥ በወንዝ ዳር የተተከለውን መለኪያ የሚያነበው ሰው ደመወዝም የርዳታው ገንዘብ ባለቀ ጊዜ አብሮ እንዳይቋረጥ በየዓመቱ በጀት ሊቆረጥለት ያስፈልጋል። መዝገቡ አንድ ክረምት ብቻ ቢጎድል፥ ያ ክረምት ታላቁ ጎርፍ የመጣበት ሊሆን ይችላልና።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ያለፈውን ዘመን ነገር በመጻሕፍት ኅዳግ ጽፎ የማቆየት ልማድ ከእነርሱ ዘንድ የቆየ ስለሆነ፥ ወንዙ በየትኛው ዓመት የት ድረስ እንደ ደረሰ ለሚጠይቅ ተማሪ መዝገባቸውን ቢገልጡለት ትልቅ ርዳታ ይሆንለታል። ከዚህም ሌላ ደወል በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ፈጥኖ ይሰበሰባልና፥ በባንግላዴሽ መስጊዱ እንዳደረገው ሁሉ፥ ከደጋ የመጣውን የጎርፍ ወሬ ለቆላው ለማሰማት ከደወል የሚፈጥን መሣሪያ በብዙ መንደር አይገኝም። ይህም የሚሆነው የወንዙን መለኪያ የሚያነበው ሰው፥ የወረዳው ሹምና ካህኑ አደጋው ሳይመጣ በፊት ተገናኝተው የተስማሙ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ ከጎርፍ በኋላ የሚሰበሰብ ጉባኤና የሚጻፍ ጥናት የሞተውን አያስነሣም። የሚጠቅመው በበጋ ተጠንቶ በክረምት የሚሠራበት ነው። የወጣቶቹም ትምህርት የሚመዘነው በያዙት የምስክር ወረቀት ሳይሆን፥ ደራሽ ውኃ በመጣበት ሌሊት በቆላው ያለ ቤተሰብ ቀድሞ ሰምቶ ወደ ከፍታ በመውጣቱ ይሆናል።